ጸሎቴን መልሱልኝ

«እናቴ ትጸልያለች እንጂ አትናገርም። እሱን ለእኔ ተዉት፤ ጨርሼዋለሁ» ሲል ሰማሁት ልጄን። መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው በስልክ የሚያወራው። ይሄ ቤት ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆነን «ይማርህ» የምንል ሰዎች ነን። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የሥራ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ አንዱን አስሬ ሁለተኛውን ሳላስር ደርቄ ቀረሁ። ከርቲስ ወጣ። ጆሮው ሥር የመላጫ አረፋ ቀርቶበታል። አየኝ። እኔ እንዳልሰማ ሆንኩ፣ እሱ እንዳልተናገረ ሆነ። «ደህና አደርሽ ማማ?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ያሳደግኩት ልጅ እንደ ድንኳን ወንበር አከራይቶኝ ሲያበቃ ደህና አደርሽ ይለኛል!

ወጥ ቤት ስገባ የልጅ ልጄ ሬሚ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ትልቅ የማቀዝቀዣ ካርቶን ላይ ሻማ ታሻለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ካርቶኑን አባቷ ትናንት ከዕቃ መደብር ጓሮ ለምኖ አምጥቶ፣ በቢላ ቀዶ፣ የእጅ መያዣ ሳይቀር አበጅቶላታል። «ሜሜ፣ ሻማ ከታሸ እንደ በረዶ ነው የሚሄደው፤ ነገ የሚቀድመኝ የለም» አለችኝ፤ ሜሜ የምትለው አያቷን ነው። በረዶ የት አይታ! ሉዊዚያና ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ከተማችን እንደ መጥበሻ ጠፍጣፋ ነው፤ ልጅ የሚንሸራተትበት ዳገት ቢባል ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሉት ሁለቱ ጥንታዊ ጉብታዎች ብቻ ናቸው። የኳስ ጨዋታ ቀን ወላጆቹ ድንኳናቸውን ተክለው፣ ሥጋቸውን እየጠበሱ፣ ቢራቸውን ሲጠጡ ልጆቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ካርቶን ይዘው ይወጣሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። እኔ ሰኞ ጠዋት የካርቶን ቅዳጁን፣ የቢራ ጣሳውን፣ የዶሮ አጥንቱን እለቅማለሁ። የግቢው የሣርና የአትክልት ሠራተኛ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቀምኩ። ሬሚን ምን ልበላት? «ቁርስሽን ብይ» አልኳት። ከርቲስ ቡናውን ቆሞ ጠጣ።

ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የጉብታዎቹ ስብሰባ አለ። ጉብታዎቹ ይዘጉ፣ ሕዝብ አይውጣባቸው የሚል ሐሳብ ከመጣ ወዲህ ከተማው ሁለት ወር ሙሉ ታምሷል። በራዲዮ ይጨቃጨቃሉ፣ በፀጉር ቤት ይጨቃጨቃሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር ይጨቃጨቃሉ። ስድስት ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል ይላሉ ምሁራኑ፤ ከዚያም በላይ የሚሉ አሉ። በቅርጫት አፈር እየተሸከሙ የሠሯቸው የእኛ ሰዎች ናቸው። እኛ ሁማ የምንባለው የሉዊዚያና ነባር ነገድ እንሁን ሌላው ነገድ፣ ወይ ስሙ የጠፋ ወገን ይሁን፣ እሱን እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ቢራ ይዘው የሚወጡባቸው ሰዎች አያቶች እንዳልሆኑ ማንም አይክድም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከርቲስ እራት ላይ «ማማ፣ ስብሰባውን በጸሎት ክፈችልን ይሉሻል፣ የነባሩ ሕዝብ ተወካይ ሆነሽ» አለኝ። እሱ የዩኒቨርሲቲው የዝግጅት ክፍል ውስጥ ከገባ ስድስት ወሩ ነው፤ ለጨዋታ ቀን የድንኳን ቦታ የሚያከራየው ክፍል ማለት ነው። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። እጸልያለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ተመዝግቤ ሁለት ደቂቃ እናገራለሁ አልኩ። የምናገረው ነበረኛ! ተመዘገብኩ። ረቡዕ ዕለት መልስ መጣ፦ ስምዎ በፕሮግራሙ ላይ ስላለ በሕዝብ ተናጋሪነት መመዝገብ አይችሉም። የኮምፒዩተር ስህተት መስሎኝ ነበር። ለካ ኮምፒዩተሩን የወለድኩት እኔው ነኝ።

መኪና ውስጥ ራዲዮው ስለ ነገው ጨዋታ ይለፈልፋል። ሬሚን ትምህርት ቤቷ ካወረድናት በኋላ ከርቲስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ማማ፣ ከሰዓት ልብስ ትቀይሪያለሽ አይደል? ማለቴ... ባህላዊ ነገር ካለሽ። ላባም ይሁን ጨሌ። ፎቶ አንሺ ይኖራል።» ዞር ብዬ አየሁት። «የእኛ ባህላዊ ልብስ የሽሪምፕ አጥማጅ ነጭ ቦቲ ነው፤ አባቴ ሲወለድም ሲሞትም እሱን ነው ያደረገ። እሱን ላድርግ?» አልኩት። «ሲወለድማ አላደረገም» አለና ትንሽ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም፤ እሱም አቆመ። የስልኩን ነገር ላወጣው አፌ ላይ ደረሰ። ደግሞ አባቱ ሳይኖር ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ አዲስ ሥራ ነው፤ አለቆቹ ይወዱታል፤ ለሬሚ ጥርስ ማስተካከያ የሚከፍለው መድን ከዚያ ሥራ ነው የሚመጣው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው ደሜ የሚፈላው፤ የማላውቀው ሰው ቢሆን እኮ ሰድቤው እገላገል ነበር። ግቢው በር ላይ ሲያወርደኝ «ዝም አይነቅዝም፣ ማማ፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ» አለኝ። እንግዲህ የእናትን ተረት መልሶ ለእናት!

ጉብታ ላይ የሚነዳ ማጨጃ አይወጣም፤ ክብደቱ ያፈርሰዋል። በእጅ የሚያዘውን ተሸክመን፣ ከግርጌ ጀምረን፣ ዙሪያውን እየዞርን፣ አንድ እግር ከላይ አንድ እግር ከታች አድርገን ነው የምናጭደው። የጉልበቴ ሕመም ከዚያ የመጣ ነው። አብሮኝ የሚያጭደው ሉሸስ ባቲስት ይባላል፤ ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው ጥቁር ሰውዬ ነው፤ ጡረታ ውጣ ሲሉት «ቀን ሙሉ ከሚስቴ ጋር ምን ልሥራ?» ይላል። ረፋዱ ላይ በሰሜን በኩል ትከሻው ጋ ስንደርስ ማሽኔን አጥፍቼ ተንበረከክሁ። እዚያ ስንጥቅ አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት ሁለት ጣቴ ነበር የሚገባው። ልጆቹ ሲንሸራተቱ ሣሩ ይላጣል፣ ሣሩ ሲላጥ ዝናብ ይገባል፣ ዝናብ ሲገባ አፈሩ ከውስጥ ይላቀቃል፤ ይሄን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፣ ማጨድ ነው። በየታኅሣሡ አዲስ ሣር በእንጨት ችካል እየቸከልኩ ቀብሬበታለሁ፤ በየመስከረሙ መልሰው ልጠውታል። ዛሬ እጄን ሰደድኩት፤ እስከ አንጓዬ ገባ። ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። አራት ጊዜ ቅጽ ሞልቼ አመልክቻለሁ። አራት ጊዜ «ስለ አሳቢነትዎ እናመሰግናለን» የሚል መጣልኝ፤ ቃል በቃል አንድ ዓይነት።

«ኤርሊን» አለኝ ሉሸስ ከላይ ቆሞ፤ «እኔም ዛሬ ለመናገር ተመዝግቤያለሁ። አይዘጋ ነው የምለው። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው።»

«ምን ነካህ? ስንጥቁን አብረን አይደል የምናየው?»

«አያለሁ። አንቺም ይሄን እዪ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከወንድሜ ጋር ካርቶን ይዘን ከሐዲዱ ማዶ ካለው ከጥቁሮቹ ሰፈር በእግራችን መጣን። ነጮቹ ልጆች ይንሸራተታሉ። እኛ ሣሩን እንኳ ሳንረግጥ ውሻ ለቀቁብን። ወንድሜ ጭኑ ላይ እስከዛሬ ጠባሳው አለ። አሁን የልጅ ልጆቼ ሲወጡ ጊዜ ድንገት ቅዱስ ሆነ? ሁሌ እኛ ስንደርስ ነው በሩ የሚዘጋው!»

እውነቱን ነው፤ እኔም እውነቴን ነው፤ ሁለት እውነት አንድ ጉብታ ላይ ቆመን ተያየን። ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ዓርብ ልማዳችን የተጠበሰ አሳ ገዛን፤ አሥራ አራት ዶላር ገብቷል፤ ድሮ በስድስት ዶላር ድንቹም ሩዙም ተጨምሮ ነበር። ዛፍ ሥር ተቀምጠን ከአንድ ወረቀት ላይ በላን። ሉሸስ አሳ አጥንት ከጥርሱ እያወጣ «ግን አንቺን ምን አድርጎሽ ነው? የተቀበረበት ሰው የለም ይላሉ» አለኝ።

ምን አድርጎኝ ነው! እናቴ የተቀበረችው ደቡብ፣ ከባሕረ ሰላጤው አጠገብ ነው፤ ሰፈራችን። በየዓመቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲደርስ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰብና መቃብሩን ያጥባል፣ ኖራ ይቀባል፣ ሲመሽ ሻማ ይለኩሳል፤ ልጆች በመቃብሮቹ መሐል ይሮጣሉ፣ ሸርጣን ይቀቀላል። ሙታኑም ሕያዋኑም አብረው የሚያመሹበት ቀን ነው። የነዳጅ ኩባንያዎች ቦይ ቆፈሩበት፣ ጨው ውሃ ገባ፣ መሬቱ እየሟሟ ሄደ። መጀመሪያ ኖራ ቀቢዎቹ ቦቲ አደረግን። ቀጥሎ በጀልባ ሄድን። ያለፈው ዓመት ስሄድ የእናቴ መስቀል ጫፉ ብቻ ከውሃው ወጥቶ፣ አንድ ወፍ ቆሞበት አገኘሁት። ኖራ የሞላ ባልዲ ይዤ ጀልባዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የምቀባው አልነበረማ! ወገኖቼ ከሠሩት ነገር ሁሉ ከውሃ በላይ ቆማ የማውቃት ያቺ ጉብታ ናት። ይሄን ሁሉ ለሉሸስ አልነገርኩትም። «መሬት ሲሄድ አይቻለሁ፣ ድጋሚ ማየት አልፈልግም» ብቻ አልኩት። እሱም የበላንበትን ወረቀት ጨምድዶ ወስዶ ጣለው።

አዳራሹ አዲስ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሬሳ ያቆያል። በር ላይ ብስኩትና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። በቀኝ በኩል የቡድኑን ቀለም የለበሱ ወላጆች ሞልተዋል፣ ልጆቻቸውን አምጥተዋል፤ በግራ ተማሪዎችና ሁለት ሦስት ሽማግሌ ምሁራን። ከፊት ሰባቱ የኮሚቴ አባላት። ሰብሳቢዋ ዶክተር ሜሬዲት ሁለቱንም እጄን ይዛ «ሚስ ኤርሊን፣ ስለመጡልን ምን ያህል እንደተከበርን!» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቢሮዋ መስኮት ሥር ሳጭድ አንድ ቀን ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም። ከርቲስ ክራባት አስሮ ግድግዳ ሥር ቆሟል። ያረጀ ጥቁር ቀሚሴን ነው የለበስኩት፤ ለቀብር የምለብሰውን።

ተነሥቼ ጸለይኩ። እናቴ ባስተማረችኝ ፈረንሳይኛ አባታችን ሆይ አልኩ፣ የማርያምን ጸሎት ጨመርኩ፣ ለሙታን ዕረፍት ለመንኩ፤ ከልቤ ነው የጸለይኩት፣ ልዋሽ አልችልም። ስጨርስ ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ፣ አሁን ደግሞ በራስዎ ቋንቋ ቢደግሙልን?» አለኝ። «ይሄ ነው የራሴ ቋንቋ» አልኩት። የሁማ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው። እናቴን ትምህርት ቤት በዚህ ቋንቋ ስለተናገረች በማስመሪያ ጣቷን መትተዋታል፤ ያኔ በዛ ብለው፣ አሁን አነሰ ይሉኛል! ሰውዬው ካሜራውን እንደ ተበደለ ሰው አወረደ። እኔም ቦታዬ ተቀመጥኩ፤ ከፊቴ የውሳኔ ሐሳቡ ወረቀት ነበር፤ መነጽሬን አደረግሁ።

ዶክተር ሜሬዲት ማንበብ ጀመረች። ጉብታዎቹ ለሥልጣኔ ታሪክ ካላቸው የላቀ ዋጋ አንጻር ከዛሬ ምሽት ጀምሮ በተንቀሳቃሽ አጥር ይከለላሉ፣ ማንም ሰው አይወጣባቸውም። ወላጆቹ አጉረመረሙ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ለሉሸስ እንኳ አዘንኩለት። ቀጥላ አነበበች። ሆኖም ለማኅበረሰቡ የቆየ ልማድ ሲባል አጥሩ በሜዳችን ጨዋታ በሚደረግባቸው በዓመት ሰባት ቀናት፣ ከነገው ጨዋታ ጀምሮ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማምሻ ክፍት ይሆናል። ወላጆቹ አጨበጨቡ። እኔ የሰማሁትን አላመንኩም፤ ወረቀቱ ላይ በጣቴ ሄድኩበት። ሰባት ቀን! በቀረው ጊዜ ማን ይወጣበታል? እኔና ሉሸስ ነና! እኛን ሊያጥሩ ነው? አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ጣቴ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ የመጨረሻዋን መስመር አገኘች፦ «ይህ ውሳኔ በነባሩ ሕዝብ ተወካይ በወይዘሮ ኤርሊን ዳርዳር ጸሎትና ምርቃት የተባረከ ነው።» ቀለሙ ደርቋል። ወረቀቱ ጠዋት ነው የታተመው። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ምርቃቴ ታትሞ፣ ተባዝቶ፣ በየወንበሩ ተቀምጧል።

ተነሣሁ። «ይሄ መስመር ይውጣልኝ» አልኩ። ዶክተር ሜሬዲት ፈገግ ብላ «ሚስ ኤርሊን፣ የእርስዎ ተራ አልፏል፤ አሁን የተመዘገቡ ተናጋሪዎች ናቸው» አለችኝ። «እንዳልመዘገብ አደረጋችሁኝ እኮ!» «እባክዎ ይቀመጡ፤ ሥርዓት እናክብር።» ከርቲስን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ተቀመጥኩ። አንዱ አባት ተነሥቶ እኔ እዚህ ተንሸራትቻለሁ፣ አባቴ ተንሸራትቷል፣ ይሄ የእኛ ቅርስ ነው አለ። ቅርስ! አንዲት እናት ልጄ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ይሄንን ነው ብላ አለቀሰች። አንድ ተማሪ ደግሞ ስለ ቅኝ ግዛት ብዙ ተናገረ፤ ምንም አልገባኝም፤ ወላጆቹ ሲያጉረመርሙበት ግን አልተቀመጠም፣ ለዚያ ወደድኩት። ከዚያ «ሉሸስ ባቲስት» ተባለ።

ሉሸስ ኮፍያውን አውልቆ ማይክራፎኑ ጋ ሄደ። «እኔ አይዘጋ ለማለት ነው የመጣሁ። ለምን እንደሆነ ኤርሊን ታውቃለች፣ አንድ አሳ ላይ ተከራክረንበታል። ከእሷ ጋር አልስማማም። ግን ያቺን ጉብታ ከናንተ አንዳችሁም እንደሷ አታውቋትም። ሁለት ደቂቃ ሰጥታችሁኛል፣ የእኔ ነው፣ ለማንም እሰጠዋለሁ። ለእሷ ሰጥቻለሁ።» ዶክተር ሜሬዲት ከጎኗ ካለው ሰው ጋር ተንሾካሾከች። «ደንቡ ላይ...» ስትል ከወላጆቹ መሐል አንዱ «ትናገር ባካችሁ!» ብሎ ጮኸ። የቡድኑን ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ንግግሬን ጽፌ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አላወጣሁትም። «ሰሜን በኩል ስንጥቅ አለ» አልኩ። «እጄ እስከዚህ ይገባል።» አንጓዬን አሳየኋቸው። «አራት ጊዜ ጻፍኩላችሁ። ልጆች ናቸው፣ ልጆችን አልጠላም፤ የእኔም የልጅ ልጅ ነገ ልትመጣ ነው። ሬሳ የለበትም አላችሁ፣ እሺ፣ አይኑርበት። ግን የሚጎዱት ሰባቱ ቀኖች ናቸው፤ እናንተ የምትዘጉት ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንቱን ነው። ያን ጊዜ ማን አለበት? ሽኮኮ! ሽኮኮ ልታጥሩ ነው?» አንዳንዱ ሳቀ። «ክፍት ይሁን ካላችሁ፣ ክፍት ይሁን በሉና እንደ ሉሸስ ፊት ለፊት ተናገሩ፤ እሱን አከብረዋለሁ። ዝግ ይሁን ካላችሁ ዝጉት። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ከሥሩ የእኔን ስም አትለጥፉ! እኔ የጸለይኩት ለሙታን ነው፤ ለእናንተ ወረቀት አልጸለይኩም። ጸሎቴን መልሱልኝ። ያንን መስመር ሰርዙና ጸሎቴን መልሱልኝ!» ድምፄ ግድግዳው ላይ ሲያስተጋባ ራሴው ደነገጥኩ። ደቂቃው አለቀ ብላ መብራት የምታበራው ልጅ መብራቱን ሳታበራ ቀረች።

ዶክተር ሜሬዲት ስለ ስሜቴ አመሰገነችኝ። ጸሎት በቃለ ጉባኤ የተመዘገበ ድርጊት ስለሆነ ሊሰረዝ እንደማይችል፣ ይህም በራሱ ለእኔ ካላቸው አክብሮት የመነጨ መሆኑን አስረዳችኝ። ድምፅ ተሰጠ፤ አምስት ለሁለት። ጸደቀ፤ ከነምርቃቴ። ፕሮግራሙ ላይ በመጨረሻ «የመዝጊያ ጸሎት» የሚል ነበር፤ እሱን ዘለሉት። ሰው ብስኩቱን እያነሣ ወጣ። ሉሸስ በሩ ላይ ጠብቆኝ ክንዴን ያዝ አደረገኝና «ያንን የሽኮኮውን ነገር በደንብ አልሽው» አለኝ። «አንተ እኮ አሸነፍክ» አልኩት። «እኔ? እነዚህ እንዲያሸንፉልኝ መቼ ላክኋቸው?» ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ፤ የክፍል ኃላፊው መልእክት ነው። ነገ እንዳልመጣ፣ እስከ ማክሰኞ ከሙሉ ደመወዝ ጋር እንዳርፍ። እረፍት አሉት! ከርቲስ በር ከፈተልኝ። ሲነዳ ራዲዮውን አላበራውም። ለነገው ጨዋታ የመጡት ተጎታች ቤቶች ከአሁኑ መንገዱን ሞልተውታል፤ አንዱ ቦታ ሰዎች ወንበር ዘርግተው ማሽላ በመሰለ ቢጫ መብራት ሥር ካርታ ይጫወታሉ፤ ለዚያች ቦታ ለአንድ ቀን ስድስት መቶ ዶላር እንደሚያስከፍሏቸው ከርቲስ አንድ ጊዜ ነግሮኛል። ቀይ መብራት ላይ ቆምን።

«ጠዋት ሰምተሽኛል አይደል?» አለ።

«ሰምቼሃለሁ።»

«ስምሽ ሲገባ ክብር ነው አሉኝ። ክብር መስሎኝ ነበር፣ ማማ። እምልልሻለሁ። አትናገርም ያልኩት ደግሞ... ሥራሽን ያሳጡሻል ብዬ ነው። ሥራዬንም ያሳጡኛል ብዬ ነው። ሁለቱንም ነው።»

ቢያንስ ሁለቱንም አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ጡሩምባ ተነፋ፤ እሱ ግን አልነዳም። አንድ ነገር እንደያዘ ገባኝ፤ እናት ነኝ።

«ነገ አጥሩን ማነው የሚከፍተው?» አልኩት። «እኔ ከሌለሁ፣ ሉሸስ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሠራም።»

ነዳ። ሁለት መንታ መንገድ ካለፍን በኋላ «እኔ» አለ። «የአጥሩን በር ቁልፍ ከስብሰባው በኋላ ሰጡኝ። አንድ ሰዓት ላይ።»

ወይ ጉድ! ጸሎቱን ከእናቲቱ፣ ቁልፉን ለልጅየው። ይሄን ያሰበ ጭንቅላት ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው? ወይስ ማንም አላሰበው፣ እንዲያው ቅርብ ያገኙትን ሰው ነው? የቱ እንደሚብስ አላውቅም። በሩን ከፍቼ ልወርድ ሁሉ ቃጣኝ። ቤታችን ደጃፍ ሲያቆም አልወረድኩም።

«አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ» አልኩት። «ቀብር እንደሚጠብቅ ሰው በጥቁር ቀሚሴ እቆማለሁ። ማንም በእኔ በኩል አያልፍም።»

«ማማ፣ እንዲህ ካደረግሽ ፖሊስ ጥራ ይሉኛል።»

«ጥራ። ግን ራስህ ጥራ፤ ለሌላ ሰው አታስጠራ።»

«ሬሚስ?» አለ። ድምፁ የልጅነቱን ድምፅ መሰለ። «ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ትምጣና ትይ። አባቷ ቁልፍ ይዞ፣ አያቷ በር ይዛ ትይ። ከዚያ ማን ላይ እንደምትንሸራተት ራሷ ትምረጥ።»

ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ። ከውስጥ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል፤ የነገውን ጨዋታ ነው የሚያወሩት። ልምታው ወይስ ራሱን ልዳብሰው አላወቅሁም፤ ሁለቱንም ተውኩት። ቦርሳዬን አንሥቼ ወረድኩ፣ በሩን ዘጋሁት፣ ደግሞ ተመልሼ መስኮቱን አንኳኳሁ። አወረደው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥ» አልኩት። «ያለን መኪና አንድ ነው።»